አሥራ ሁለት ኮምፒውተር በሩብ ሰዓት

ከሁሉ አስቀድሞ ማን እንደሆንኩ ይታወቅልኝ። እኔ የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ስምንተኛ ክፍልን እንኳ የጨረስኩት በማታ ትምህርት ነው። ካዛንቺስ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት በተላላኪነት ተቀጥሬ፣ ፋይል በብብቴ ይዤ ደረጃ ስወጣና ስወርድ አራት ዓመት ጨረስኩ። ጸሐፊዎቹ ለምሳ ሲወጡ ከታይፕራይተራቸው ፊት እየተቀመጥኩ ጣቶቼን አሠለጠንኩ፤ ብዙም ሳይቆይ ከመካከላቸው በፍጥነት የሚቀድመኝ ጠፋ። የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች በካርቶን ታሽገው ሲመጡ፣ ዲፕሎማ ያላቸው ሁሉ «ብናበላሸው በኛ ላይ ይመጣል» ብለው ሸሹ። እኔ አብሮ የመጣውን የእንግሊዝኛ መመሪያ በጋዜጣ ጠቅልዬ ቤቴ ወሰድኩና ከመዝገበ ቃላት ጋር እያመሳከርኩ አነበብኩት። ስምንት ወር ፈጀብኝ። አንድም ቃል አልዘለልኩም። የማላውቀው ቃል ሲገጥመኝ በደብተሬ ጽፌ፣ ፍቺውን ከጎኑ አስፍሬ፣ በማግስቱ ወደ ሥራ ስሄድ በመንገድ ላይ እሸመድደው ነበር። ስልኩን ነካ አድርጎ ሁሉን አወቅኩ የሚል ትውልድ ይህ አይገባውም፤ እንዲገባውም አልለምነውም።

በዚያ ዕውቀቴ ሰባት ዓመት የኮምፒውተር ክፍሉ ተጠባባቂ ኃላፊ ሆኜ ሠራሁ። ተጠባባቂ የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ሥራው ያንተ ነው፣ ቁልፉ ያንተ ነው፣ ወቀሳው ያንተ ነው፤ ወንበሩ ግን ያንተ አይደለም። ወረቀት የያዘ ሰው በመጣ ቀን «ተነስ» ትባላለህ። ሰባት ዓመት ሙሉ በየስድስት ወሩ አንድ ዓይነት ደብዳቤ እየተጻፈልኝ፣ እሱንም ደብዳቤ እኔው ራሴ እየተየብኩት፣ ሌላ ስድስት ወር እጠብቅ ነበር።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ቡልጋሪያ ማዞሪያ ታክሲ ስጠብቅ፣ ከጀርባዬ ካለ ሱቅ ውስጥ አንዲት ሴት አዲስ ኮምፒውተር ከካርቶኑ ታወጣ ነበር። ነጩ ስፖንጅ ሲንቋቋ፣ የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ወደ መንገዱ ወጣ። ዞር ብዬ ቆምኩ። ልጅቷ «አባባ፣ የሚገዛ ነገር ነበር?» አለችኝ፤ አነጋገሯ «ከብርሃኔ ላይ ዞር በሉ» እንደማለት ነው። እኔ የእሷ አባት ዳዴ ሳይል ኮምፒውተር ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ነኝ። ታክሲው መጣ፣ ገባሁ፣ ሽታው ግን አብሮኝ ገብቶ እስከ ቂርቆስ ድረስ አልለቀቀኝም።

ያን ጊዜ ካዛንቺስ ካዛንቺስ ነበረች። ጣሊያን ሠርቷቸው የሄዱት ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች ከነጽዳቸውና ከነአጥራቸው ቆመዋል፤ የቆርቆሮ ጣሪያቸው ዝናብ ሲመታው የሚያሰማው ድምፅ ከቢሮዬ መስኮት ይሰማኝ ነበር። ከመሥሪያ ቤታችን በር ፊት ለፊት ያለው ቡና ቤት ማኪያቶ በአንድ ብር ከሃምሳ ይሸጣል፤ ያውም ወተቱ ወተት፣ ቡናው ቡና የነበረ ጊዜ ነው። ከመስቀል አደባባይ እስከ ካዛንቺስ ሚኒባስ በስልሳ አምስት ሳንቲም እንሄዳለን፤ ረዳቱ መልስ ባይሰጥህ ተሳፋሪው ሁሉ ያንተ ጠበቃ ነው። ከቡና ቤቱ አጠገብ ካሴት ቤት ነበረ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሄደች፣ ቀረች፣ ደብዳቤም አልጻፈች የሚል ዘፈን ያስጮሃል፣ እኛም እየተነጫነጭን ሳናውቀው በቃላችን ይዘነዋል። አለባበስ የተባለ ነገርም ነበረ። እኔ ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ግራጫ ኮት ነበረኝ፤ ልብስ ሰፊው ካዛንቺስ ጉራንጉር ውስጥ የነበረ፣ ክንድህን አንድ ጊዜ ለክቶ ዕድሜ ልክህን የማይረሳ ሰው ነው። ሌላው ሰው በደረት ኪሱ እስክርቢቶ ሲደረድር እኔ ዲስኬት እሰካ ነበር። አንዱ ዲስኬት አምስት ብር ነው። ዲስኬት በኪስህ ይዘህ ቡና ቤት ስትገባ አስተናጋጁ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ይወለውልልሃል። ዛሬ በዚያ ቦታ የቆመው የመስታወት ፎቅ ነው፤ ጥበቃው «አባባ፣ በዚህ አይታለፍም» ይላል። በዚህ እኔ ከሃያ ዓመት በላይ አልፌበታለሁ፤ አንተ ማነህ?

ወደ ነገሬ ልመለስ። በክፍሌ ውስጥ አንድ ሕግ ነበረኝ፤ ኮምፒውተሮቼ ሁሉ በአገሬ ሰዓትና በአገሬ ዘመን ነበር የሚሠሩት። ከፋብሪካ የመጣ ኮምፒውተር ጠዋት ሦስት ሰዓትን ዘጠኝ ይላል፣ ዓመቱንም በሰባት በስምንት ያስቀድማል። እኔ አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ሰዓቱን ወደ ሦስት፣ ወሩን ወደኛ ወር፣ ዓመቱን ወደኛ ዓመት መመለስ ነው። ይህን ያደረግኩት ለጉራ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጊዜ ኮምፒውተሩ በራሱ ቀን ያተመበት ደብዳቤ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ሄዶ «ገና ያልደረሰ ዘመን የተጻፈበት» ተብሎ ተመልሶብናል፤ አገር ስቆብናል። ከዚያ ወዲህ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ወይዘሮ እታፈራሁ ፋይል ስትፈልግ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓትና ካላንደር አይታ የኮምፒውተሩን ታምናለች። እታፈራሁ የኔ እኩያ ናት፤ አንተ አንቺ እንባባላለን፤ ምላሷ ከምላጭ የተሳለ ቢሆንም ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት። ሰባት ዓመት አንድም ነገር ሳይዛባ በዚህ ሕግ ሠራን። እርግጥ ነው ያን ጊዜ ኮምፒውተሮቻችን ለየብቻቸው የሚሠሩ ነበሩ፤ አንዱ የሌላውን ሰዓት የሚያይበት መንገድ አልነበረውም።

ከዕለታት አንድ ሰኞ ዋና ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ሶስና ሁላችንንም ሰበሰበችን። አሥራ ሁለት አዳዲስ ኮምፒውተሮችና ሁሉንም የሚቆጣጠር አንድ ሰርቨር ተገዝተዋል። ከጎኗ ጥቁር ሱፍ የለበሰ፣ ጸጉሩ በቅባት ያብረቀረቀ ወጣት ቆሟል። ቢኒያም ይባላል፤ ዲግሪ አለው፤ እሷ ግን ስሙን ትታ «ኢንጂነር» ትለዋለች።

«ኢንጂነር በሙከራ ላይ ነው» አለች። «ዓርብ ከሰዓት ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ። ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ኔትወርክ እስከዚያ ከሠራ የክፍሉ ኃላፊ እሱ ይሆናል። አቶ ደምሴ፣ እርስዎ ወደ ንብረት ክፍል ይዛወራሉ።»

ንብረት ክፍል ማለት ከምድር ቤት፣ የተሰበረ ወንበርና ያረጀ ጎማ የሚቆጠርበት መጋዘን ነው። ሰባት ዓመት የጠበቅኩት ወንበር ዓርብ ሊወሰድብኝ ነው።

ልጁ እጁን ሰጠኝ። «ጋሽ ደምሴ፣ ብዙ ሰምቻለሁ ስለእርስዎ» አለ። ከዚያ ወደ አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮቼ ዞር ብሎ ሳቀ። «እነዚህማ ሙዚየም ይግቡ በቃ። እርስዎ አቧራቸውን ይጥረጉልን፣ ሌላውን ለኛ ይተዉት።» ሁሉም ሳቁ። እታፈራሁ ብቻ አልሳቀችም፤ እሷም ያልሳቀችው ሻይ አፏ ውስጥ ስለነበረ ነው።

ልጁ ሥራ አያውቅም አልልም። ቀኑን ሙሉ አዲሱን ሲስተም ጫነ፣ ገመድ ዘረጋ፣ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር እንደ ቀበሌ የቤት ቁጥር ያለ አድራሻ ሰጠ፣ ሁሉንም ከሰርቨሩ ጋር አስተዋወቀ። አዲሱ ሲስተም እንደ ድሮው ብቻውን አይሠራም፤ ጠዋት ስምህንና የይለፍ ቃልህን ስትጽፍ በገመዱ ሄዶ ሰርቨሩን «ይህ ሰው ይግባ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰርቨሩ ባለ መስታወት በር ትንሽ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉም የይለፍ ቃሉም ልጁ ጋ ነው። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሠራ። ወይዘሮ ሶስና አጨበጨበች። ልጁ ኮቱን ለብሶ እያፏጨ ወጣ።

እኔ ቀረሁ። የክፍሉ ኃላፊ እስከ ዓርብ እኔ ነኝ። ሰባት ዓመት እንዳደረግኩት ሁሉ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄድኩ የአሥራ ሁለቱንም ሰዓት፣ ቀን፣ ወርና ዓመት ወደ አገራችን መልሼ፣ አጥፍቼ፣ በሩን ቆልፌ ሄድኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጩኸቱ ተጀመረ።

«ኢንጂነር፣ ኧረ ይሄ ነገር አላስገባ አለኝ!» እታፈራሁ ናት።

«የይለፍ ቃልዎን ተሳስተው ይሆናል፣ እትዬ።»

«የልጄን ስም እሳሳታለሁ እንዴ?»

«አይናገሩታ! ሚስጥር እኮ ነው!»

«ለማን ነው ሚስጥሩ? ክርስትና ስትነሳ አንተ አልነበርክ!»

ክፍሉ ሳቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ሳቁ ጠፋ፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውም አሥራ ሁለተኛውም እምቢ አሉ። በየስክሪኑ ላይ አንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ። ልጁ ጎንበስ ብሎ በጥድፊያ አነበበው። «የሰዓት ልዩነት አለ ነው የሚለው... ማለቴ...» የስክሪኑን ጥግ አየ። ሦስት ሰዓት ከአሥራ አራት ይላል። ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየ። እሱም ሦስት ሰዓት ከአሥራ አራት ይላል። ልጁ ሳቀ። «ይኸው ልክ ነው እኮ! ዝም ብሎ ነው የሚለፈልፈው» አለና ጽሑፉን ዘጋው። ችግሩ ከገመዱ ነው ብሎ ጠረጴዛ ሥር ገባ። እኛ አገር የተወለደ ሰው ሁሉ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሦስት የሚል ሰዓት ካየ ልክ ነው ነው የሚለው፤ ዲግሪውም ይህን አያድነውም። ያን ሰዓት እኔም አላስተዋልኩም፤ እሱ እንደ ወፍ ስለሚያነብ ጽሑፉን በጆሮዬ አልያዝኩትም ነበር።

ሁሉም ለምሳ ሲወጡ እኔ እንደ ድሮዬ ቀረሁ። አንዱን ኮምፒውተር ከፍቼ፣ እምቢ ሲለኝ፣ የወጣውን ጽሑፍ ቃል በቃል በደብተሬ ገለበጥኩት። ከዚያ መዝገበ ቃላቴን አወጣሁ። ቃላቱን አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ፤ እኔ ግን የማውቀውንም ቃል ሁለተኛ አያለሁ። ጽሑፉ «ሰዓቱ ስህተት ነው» አይልም። «በዚህ ኮምፒውተርና በሰርቨሩ መካከል የሰዓት ወይም የቀን ልዩነት አለ» ነው የሚለው። በሰርቨሩ። በግድግዳው ሰዓት አይደለም። ተነሥቼ ወደ መስታወቱ በር ሄድኩና ግንባሬን አስጠግቼ የሰርቨሩን ስክሪን አየሁ። አንድ ሰዓት ከሃያ ይላል። የኔዎቹ አሥራ ሁለቱ ሰባት ሰዓት ከሃያ ይላሉ። ሰርቨሩ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሠራው፤ ስድስት ሰዓትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ከቀረ ኮምፒውተር ጋር አልነጋገርም ብሏል።

ኔትወርኩን የገደለው የኔ እጅ ነው።

እንግዲህ ፍረዱ። ብናገር ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ ልጁ ዓርብ ኃላፊ፣ እኔ ጎማ ቆጣሪ። ዝም ብል ልጁ እየዳከረ ዓርብ ይደርሳል። ሰው «እንዴት አስቻለህ?» ሊለኝ ይችላል። ሰባት ዓመት ተጠባባቂ ሁኑና ከዚያ ጠይቁኝ። ደብተሬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ፤ ምሳዬን በላሁ፤ ያን ቀን ምሳው ምስር ነበር፣ እጅግ ጣፈጠኝ።

ረቡዕ ልጁ ሱፉን አወለቀ። ለአሥራ ሁለቱም ኮምፒውተሮች የሰጠውን አድራሻ ሁሉ አጥፍቶ እንደገና ሰጠ። አልሆነም። የገመዶቹን ጫፍ እየቆረጠ እንደገና ገጠመ። አልሆነም። አንዱን ኮምፒውተር ከነጭራሹ ፎርማት አድርጎ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫነው፤ ከጎኑ ቆሜ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ አየሁት። የኮምፒውተር ሰዓት ግን በሲስተሙ ውስጥ አይደለም የሚኖረው፤ ውስጥ ካለችው ሰሌዳ ላይ በአንዲት የሳንቲም መጠን ባላት ባትሪ ነው የሚቆጥረው። ሲስተሙን መቶ ጊዜ ብትጭነው ሰዓቱ ካቆሙት ቦታ ይቀጥላል። ይህን መመሪያው ላይ አንብቤዋለሁ፤ የገጹን ቅርጽ ሳይቀር አስታውሰዋለሁ። እሱ ያ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር ሳያነብ እየዘጋ አለፈ። ሰው አንዴ «ልክ ነው» ያለውን ነገር ሁለተኛ አያየውም።

«ኢንጂነር፣ አሁንስ በጸበል ይሞከር» አለች እታፈራሁ። ሳቁ አሁን በሌላው ሰው ላይ ዞሯል። ሰኞ በኔ የሳቀ አፍ ሁሉ ረቡዕ በሱ ሳቀ። እኔ ይህን ሕዝብ አውቀዋለሁ፤ ለወደቀ አያዝንም፣ ለቆመም አይደሰትም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልጁ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። «ጋሽ ደምሴ፣ ማኪያቶ ልጋብዝዎት» አለኝ። ፊት ለፊት ወዳለው ቡና ቤት ተሻገርን። ስኳሩን ደጋግሞ አማሰለ።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ ጨንቆኛል» አለ በመጨረሻ። «የሙከራ ጊዜዬ ነገ ነው የሚያልቀው። ይህን ሥራ ለማግኘት ዓመት ተኩል ነው የለፋሁት። ሰኞ የተናገርኩት... ማለቴ፣ ቀልድ ነበር። እርስዎ ይህን ቤት ያውቁታል። የታየዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ።»

ማኪያቶዬን እስከ አረፋው ጠጣሁ። «እኔ አቧራ ጠራጊ ነኝ» አልኩት። «ጠርጌ አይቼዋለሁ፤ አቧራ የለበትም።»

አንገቱን ደፋ። ሂሳቡን ከፈለ። መንገዱን ስንሻገር ሚኒባስ ሊገጨው ነበር፤ ክንዱን ይዤ ጎተትኩት። ይህንንም አድርጌያለሁ፤ እንዳይረሳ።

ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ሶስና ክፍላችን መጣች። እንግዶቹ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ልጁ ወለሉ ላይ በገመድ መሐል ቁጭ ብሏል።

«ኢንጂነር፣ አንድ ቃል ስጠኝ። ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

«ገመዱ የሚሰካባቸው ካርዶች ላይ ጥርጣሬ አለኝ። አንድ ሁለት ቀን ቢሰጠኝ...»

«ሁለት ቀን የለኝም!»

ከወንበሬ ተነሣሁ። ኮቴን ቆለፍኩ። «ወይዘሮ ሶስና፣ ሩብ ሰዓት ይስጡኝ» አልኩ። «ሰው ሁሉ ይውጣልኝ።»

«በሩብ ሰዓት?» አለች።

«በሩብ ሰዓት። ካልሆነ በእግሬ ንብረት ክፍል እወርዳለሁ።»

ልጁ ከወለሉ ተነሣ። «እኔ ልቅር፣ ጋሽ ደምሴ። አልረብሽዎትም። ማየት ብቻ።»

«ውጣ።»

ወጣ። በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ፤ መጋረጃውንም ዘጋሁ። ሰርቨሩን ወደኛ ሰዓት ባመጣው በአንድ ጊዜ ያልቅ ነበር፤ ነገር ግን የይለፍ ቃሉ ልጁ ጋ ነው፣ እሱን ብጠይቅ ደግሞ ነገሩ ይገለጣል። ስለዚህ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄድኩ ሰባት ዓመት የጠበቅኩትን ሕግ በገዛ እጄ ሻርኩ። ገና ሲበራ በሚከፈተው የሰሌዳው ገጽ ላይ አራት ሰዓትን አሥር አልኩት፤ ቀኑንና ወሩን ወደ ፈረንጅ መለስኩ፤ ዓመቱን ስምንት ጨመርኩበት። በኮሪደሩ ጫማ ሲንሸራሸር ይሰማኛል፤ አንዱ «ምን እየሠራ ይሆን?» ሲል፣ ሌላው «እየጸለየ» ሲል ሰማሁ። አሥራ ሁለተኛውን ጨርሼ ስሜን ስጽፍ ሰርቨሩ አስገባኝ። በሩን ከፈትኩ። አሥራ አራት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ።

ወይዘሮ ሶስና በገዛ እጇ ሁሉንም እየከፈተች ሞከረቻቸው። ሁሉም ገቡ። ሰዉ በአንዴ «ጋሼ! አንበሳ!» አለ፤ ትናንት ኢንጂነር ያለ አፍ ነው። ልጁ ከሁሉም ኋላ ቆሟል፤ ገመዶቹን ነው የሚያየው። የስክሪኑን ጥግ ቢያይ ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያ ተጽፎ ነበር። አላየም።

እንግዶቹ መጡ፣ አዩ፣ ቆሎ በልተው ሄዱ። ከዚያ ወይዘሮ ሶስና «አቶ ደምሴ፣ ችግሩ ምን እንደነበረ ለፋይል የሚሆን ሪፖርት በሦስት ቅጂ ይጻፉልኝ» አለች። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። መሥሪያ ቤት እንዲህ ነው፤ ብትፈውሰውም በሽታውን ጽፈህ ፈርም ይልሃል። ተቀምጬ አንድ መስመር ተየብኩ፦ «በኔትወርክ አድራሻ አሰጣጥ ላይ የነበረው ጉድለት ተስተካክሏል።» ሦስት ቅጂ አተምኩ፣ ፈረምኩ። አድራሻ የሰጠው ማን እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

ፋይሉን ይዤ መዝገብ ቤት ስወርድ እታፈራሁ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ጠበቀችኝ።

«ደምሴ፣ እናንተ ክፍል ያለው ኮምፒውተሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት ይላል።»

«ይበላ።»

«ሰባት ዓመት ለፈረንጅ አልሰጥም ያልከውን ሰዓት ዛሬ ምን አግኝቶህ ነው የሰጠኸው?»

«ሥራሽን ሥሪ።»

ሪፖርቱን ተቀብላ አንድ ጊዜ አነበበችው፤ ሁለተኛ አነበበችው። ማኅተሟን መታችበት። «እኔ መዝገብ ቤት ነኝ» አለች። «የገባውን አስቀምጣለሁ እንጂ አላወጣም። አንተ ግን ክፉ ሰው ነህ።»

«ንብረት ክፍል ከመውረድ ይሻላል» አልኳት። ከዚያ ቀን በኋላ እስከ ጡረታዋ ድረስ ከሰላምታ ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም።

በሚቀጥለው ሰኞ የልጁን ደብዳቤ የተየብኩት እኔ ነኝ። «የሙከራ ጊዜዎን በአጥጋቢ ሁኔታ ስላላጠናቀቁ» የሚለው አረፍተ ነገር ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ከሥር የፈረንጅ ቀን አስቀመጠ፤ ደልዤ የኛን በእጄ ጻፍኩበት። ልጁ ደብዳቤውን ሲቀበል አላነበበውም። ጥቁሩን ሱፍ ለብሷል፤ እንደ ሰኞው ግን አላማረበትም። ደረጃው ጋ ደርሶ ተመለሰና ወደኔ መጣ።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፣ ጋሽ ደምሴ» አለ። «ለሌላ ጊዜ እንድማርበት ነው። የቱ አድራሻ ነበር የተሳሳተው?»

ዓይኑን አየሁት። የምሩን ነው የሚጠይቀው።

«ሁሉም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «አሥራ ሁለቱንም ተሳስቻለሁ ማለት ነው» አለና ወረደ። ሁለተኛ አላየሁትም። አንድ ሰው ሥራውን ትቶ ሜክሲኮ አካባቢ ሌላ ነገር ጀመረ አለኝ፤ ሌላው አገር ለቋል አለኝ። አላጣራሁም።

ዛሬ ሁሉም ነገር ፈርሷል። ያ መሥሪያ ቤት የለም፤ ፋይሎቹ የት እንደተጣሉ የሚያውቅ የለም፤ ቤቶቹ ሄደዋል፤ ማኪያቶውም ከነዋጋው ሄዷል። የቀረው ያደረግኩት ነገር ነው፤ እሱን ማንም ሊያፈርሰው አይችልም። ስለዚህ ልቁጠረው።

ከተላላኪነት ተነሥቼ፣ ያለ አንድ ቀን ሥልጠና፣ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሆኛለሁ። ስምንት መቶ ገጽ የእንግሊዝኛ መመሪያ አንድ ቃል ሳልዘል አንብቤያለሁ። ባለ ዲግሪ አራት ቀን የዳከረበትን ኔትወርክ በአሥራ አራት ደቂቃ አስነሥቻለሁ። ተጠባባቂ የምትለዋን ቃል ከስሜ ፊት አስፍቄያለሁ፤ ከዚያ ወንበር ላይም ማንም ሳያስነሣኝ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጬ፣ በክብር ጡረታ ወጥቻለሁ። አንድ ሰው ከሚኒባስ አድኛለሁ። ያንኑ ሰው፣ ጥፋቱ የኔ በሆነ ነገር፣ ከሥራው አስወጥቼ፣ ሥራ የማይችል መሆኑን ራሱ እንዲያምን አድርጌያለሁ፤ ይህንንም ማንም ሳያስተምረኝ፣ ብቻዬን ነው ያደረግኩት።